ቀይ ነው ብዬ የቆምኩ ቀን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ብቻዬን መወሰን ሲያቅተኝ ለክፍል ጓደኛዬ ለሰሎሜ ነገርኳት።

«ስለ ምን ልትጽፊ ነው?» አለችኝ።

«መንገድ ስለ መሻገር።»

«የምን መንገድ?»

«አስፋልት ነዋ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማዶ መድረስ ነው።»

ሰሎሜ «በግም እኮ ይሻገራል» ብላኝ ላይብረሪ ገባች።

እውነቷን ነው፤ በግም ይሻገራል። እንዲያውም እኛ ሰፈር ያለውን መብራት ከሰው ይልቅ በግ በሥርዓት ይሻገረዋል፤ ቢያንስ የሚነዳው ሰው አለው። ሆኖም አንድ ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። ያንን አስፋልት በወጉ ተሻግረን እስክንጨርስ ከየካቲት እስከ ግንቦት ፈጅቶብናል። በአንድ አስፋልት ላይ ሦስት ወር ካለፈ ትንሽ ቢወራለት አይበዛበትም ብዬ ነው። ከበዛበት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር፤ አለዚያ የቀረውን የምታምኑኝ አይመስለኝም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሳሙና ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን መመሪያ አንብቤ ነው ፊቴን የምታጠበው። ሊፍት ላይ «ከስድስት ሰው በላይ ክልክል ነው» የሚል ካየሁ ውስጥ ያሉትን ቆጥሬ ነው የምገባው፤ ስድስተኛ ሆኜም ቢሆን ወፍራም ሰው ካለ እወርዳለሁ። ከዚህ ሌላ አንድ ሕመም አለብኝ። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ገና ጥያቄው ሳያልቅ «እሺ» እላለሁ። ምን እንደሆነ የምሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሽ ሰብስበው ስለ መንገድ ደኅንነት ገለጻ ሰጡን። ገለጻውን ያደረጉት ሰው ሲጨርሱ «እንግዲህ አረንጓዴው ሰውዬ ካልበራ አትሻገሩም፤ ተስማምተናል?» አሉ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ። የምሩን ያለው እኔ ብቻ እንደነበርኩ ያወቅኩት ከበር ስንወጣ ነው።

የእኛ መስቀለኛ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ወደ ቤቴል የሚሄዱ ሚኒባሶች የሚያልፉበት መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። በአራቱም ማዕዘን መብራት ቆሟል። ለእግረኛም የቆመ ቀይ ሰውዬና የሚራመድ አረንጓዴ ሰውዬ አለው። ሁለቱም አንድ ቀን ሳይቀሩ ሥራቸውን ይሠራሉ። የጠፋው የሚያያቸው ነው።

እኛ ሰፈር ሰው የሚሻገረው መብራት አይቶ ሳይሆን ሰው አይቶ ነው። አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ይደርስና ይቆማል። ሁለተኛ ይመጣል። አይነጋገሩም፣ ግን ይተማመናሉ። አምስት ስድስት ሲሆኑ አንዷ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፌስታል ሙሉ ጎመን የያዘች ሴት፣ እግሯን አስፋልቱ ላይ ታሳርፋለች፤ የቀረው ይከተላል። መዳፍ ወደ መኪናው ይዘረጋል፤ «ቆይማ» ማለት ነው። መኪናው ደግሞ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም፤ «ቶሎ በሉማ» ማለቱ ነው። እንዲህ ተባብለው ይተላለፋሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዴ ይነካካሉ።

ጋሽ ኃይሉን የገጠማቸው ይኸው ነበር።

ጋሽ ኃይሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ደግነቱ ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ ክሊኒክ ቅርባችን አለ። ቅርብ ስል ከግቢያችን በር ላይ ሆናችሁ የነርሷን ነጭ ጋውን ታያላችሁ። ቀጠሯቸው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በእሳቸውና በክሊኒኩ መካከል ያለው አስፋልቱ ብቻ ነው።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ፣ አረንጓዴው ሰውዬ በርቶላቸው ዜብራው ላይ እያሉ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሚኒባስ ከዘራቸውን ከእጃቸው ነጥቆ ሰበረው። እሳቸውን አልነካቸውም። ሰው ደግፎ ቤታቸው አመጣቸው። ግማሽ ከዘራቸውን ጥግ አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና «ከእንግዲህ ማዶ አልሄድም» አሉ።

አንድ ሳምንት ቀሩ። ሁለት ሳምንት ቀሩ። ከክሊኒኩ ተደወለ። «እግራቸው መፍታታት ጀምሮ ነበር። አሁን ካቋረጡ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ከዘራም አይበቃቸውም» ተባለ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ጋሽ ኃይሉ ግን ከውስጥ ሆነው «ሰምቻለሁ!» አሉ።

«እኔ እንዳልወስደው ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል» አሉ እትዬ ብርቄ። «ተደጋግፈን ብንወጣ ሁለታችንንም ነው ከአስፋልት የሚለቅሙን። ታክሲ በስልክ ጠርተንለት ነበር። ሾፌሩ መጣና የት እንደሚሄድ ሲያይ 'አባባ፣ ይቀልዱብኛል እንዴ? ይኸው እኮ ነው!' ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ። እስቲ አንድ ዘዴ…»

«እሺ» አልኩ።

«…ፈልጊለት። ጌታ ይባርክሽ!»

የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ነው። እሱንም አብዛኛውን ክፍል ስፈልግ ነው ያሳለፍኩት። ሆኖም እሺ ብያለሁ።

ሥራዬን በመለካት ጀመርኩ። የአስፋልቱን ስፋት በእርምጃ ቆጥሬ መጣሁና የግቢያችንን የልብስ ማስጫ ገመድ በዚያው ልክ አስረዘምኩት። ጋሽ ኃይሉ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ አርባ አንድ ሰከንድ።

«አንዴ ይድገሙልኝ ጋሼ።»

«ለምን? ወደቅኩ እንዴ?»

«አማካይ ለማውጣት ነው።»

«አማካዩንማ እኔ ልንገርሽ፤ መሀል አስፋልት ላይ ነው የምቀረው።»

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሾፌር ትምህርት ሰጡኝ። «ስሚ ልጄ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቀይ የሚጥሰውን ነው። እሱን ከሩቅ ታይዋለሽ፤ ጡሩምባውም ይነግርሻል። ክፉው ሌላ ነው። ላንቺም አረንጓዴ፣ ለእሱም አረንጓዴ በርቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ነው። ሕጉ ቅድሚያ ላንቺ ነው ይላል። ግን ባለሚኒባሱ ዓይኑ የት ነው? ከመታጠፊያው ማዶ ተሳፋሪ ይፈልጋል። አንቺ ተሳፋሪ አይደለሽም። ስለዚህ አያይሽም።»

ይህን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደብተሬ ላይ የማልጽፈው ነገር የለም።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንግቼ መብራቱ ጋ ሄድኩ። ያሰብኩት አረንጓዴው ሰውዬ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ልቆጥር፣ ለእርግጠኝነትም አሥር ዙር ልደግመው ነበር። ጠርዙ ላይ ቆሜ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ። የእግረኛ መንገዱን ግማሽ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ስለያዘው ብዙ መንቀሳቀሻ የለም። ሳልነቃነቅ ቆምኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሌላ አገር ቢሆን ምንም አይደለም። እኛ ከተማ ግን አንድ ሰው በጠዋት አስፋልት ዳር፣ ቦርሳ አንግቶ፣ ፊቱን ወደ መኪና አዙሮ፣ ሳይነቃነቅ ከቆመ ሌላ ትርጉም የለውም። ያ ሰው የታክሲ ሰልፍ መጀመሪያ ነው።

በአራተኛው ዙር ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁትና በልቤ «ጌታ ሆይ ተመስገን፤ ቀይ ነው ብሎ የሚቆም ሌላም ሰው አለ» አልኩ።

«ብዙ ቆየሽ እንዴ?» አለኝ።

«ሃያ ደቂቃ ሊሞላኝ ነው» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«ወይኔ!» አለና ከኋላው ለመጣችው ሴት «ሃያ ደቂቃ ቆማለች እኮ» ብሎ ነገራት። እሷ ከኋላዋ ላለው ነገረች። እየተቀባበሉ መጨረሻ የደረሰው ሰው ጆሮ ላይ ሲያርፍ «ዛሬ ታክሲ የለም አሉ» ሆኖ ነበር። ታክሲ የለም ሲባል ደግሞ የሚያልፈው ሁሉ ቶሎ ብሎ ይሰለፋል።

አሥረኛውን ዙር ጨርሼ «ሃያ ሁለት ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩና ዞርኩ። ሃያ ሦስት ሰው፣ አንዱ ካንዱ ሳይገፋፋ፣ አሸዋውን ዞሮ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዛሬ ሥርዓት ያለው ሰልፍ አገኘን» ስትል ሰማሁ። እንዲህ በተደሰተ ሰው ፊት «ይሄ ሰልፍ አይደለም» ማለት ጭካኔ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ለማምለጥ አንድ እግሬን አነሳሁ።

«ቦታሽን ልጠብቅልሽ?» አለኝ ባለሰማያዊ ጃኬቱ።

«እሺ» አልኩ። ነገርኳችሁ፣ ሕመም ነው።

ከዚያ ሙሌ መጣ። ሙሌ የሰፈሩ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ድምፁ ብቻውን ሁለት ሚኒባስ ይሞላል።

«ማነው እዚህ ጋ ሰልፍ የጀመረው?»

ሃያ ሦስት ጣት ወደ እኔ ዞረ።

ሙሌ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ቦታውን አየ። አሸዋውን አየ። አስፋልቱን አየ። «ጎበዝ» አለኝ። «ቦታ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ጀምሮ ሰልፉ የእሱ ሆነ።

ባዶ ሚኒባስ ደግሞ ሃያ ሦስት ሰው ተሰልፎ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ሲጥ ብሎ ቆመ። ረዳቱ «ቤቴል! ቤቴል!» አለ። «እኔ እንኳ…» ስል ባለሰማያዊ ጃኬቱ «ኧረ ተራዋ ነው! ቀድማ ነው የመጣችው፣ አሳልፏት!» ብሎ ጮኸልኝ። ሰው ሁሉ በአክብሮት ገለል አለ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ገባሁ። ጋቢና ተቀመጥኩ። ቤቴል ደረስኩ።

ቤቴል ምንም ሥራ አልነበረኝም። ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍል ቀረሁ። መምህሩ ስሜን ሲጠሩ ሰሎሜ «ቤቴል ናት» ብላላቸው ክፍሉ ሁሉ ሳቀ አሉ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጋሽ ኃይሉን በስንት ልመና ኮታቸውን አስለበስኳቸውና አዲሱን ከዘራቸውን አስይዤ ወጣን። ከሩቅ ሳየው ሰልፉ ያለ እኔ ተሰልፏል። ሙሌ ከመካከሉ ሆኖ «የሰልፉ እናት መጣች! ቦታዋን ልቀቁላት!» አለ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት።

«ወንድም ሙሌ፣ ትናንት ታክሲ እየጠበቅኩ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ቆምሽ?»

«ቀይ ስለነበረ።»

«ምኑ?»

«መብራቱ። አረንጓዴው ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ልቆጥር፣ ቀይ ሲሆን ቆሜ ስጠብቅ ነበር።»

ሙሌ መብራቱን ቀና ብሎ አየው። እዚያ ቦታ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ የእግረኛውን ሰውዬ ያየው ግን ያን ዕለት ይመስለኛል። «እህቴ» አለኝ በሐዘኔታ፣ «ደህና ነሽ አይደል?»

አረንጓዴው በራ። የጋሽ ኃይሉን ክንድ ይዤ ወረድን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። መሀል ላይ ማረፊያ ደሴት አለ። ግን አበባ ተተክሎበት «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ቆሞበታል፤ እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ዘጠኝ ስል ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ፋዘር፣ ወይ ግቡ ወይ ውጡ!» አለ። ጋሽ ኃይሉ ባሉበት ደረቁ። ጎትቼ መለስኳቸው። ጠርዙ ላይ ስንደርስ እጃቸው ትከሻዬን እንደያዘ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ነው።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «ወደ ቤት መልሽኝ።»

ስለ እውነት ከሆነ፣ ያን ሰዓት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ቀና ስል ያ ሚኒባስ አሥር እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ወተት የጫነ ይመስል፣ ሰልፉ ፊት ለስለስ ብሎ ሲቆም አየሁ። ሾፌሩ ለተሳፋሪዎቹ ፈገግ ብሎላቸዋል።

ጋሽ ኃይሉም አዩት። «አየሽው? ተሳፋሪ ሲያይ እንዴት አድርጎ ፍሬን እንደያዘ? ወንበዴ!»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኛም ተሳፋሪ ብንሆንስ?»

ሐሳቤን ለሙሌ ለማስረዳት እስከ ሐሙስ ጊዜ ፈጀብኝ። ሐሳቡ ይህ ነው። አረንጓዴው ሲበራ ሰልፉ፣ ሰልፍነቱን ሳይለቅ፣ ዜብራው ላይ ይዘረጋል። ጋሽ ኃይሉ ከሰልፉ ጎን ጎን ይሄዳሉ። የሚታጠፉት ሚኒባሶች ሁሉ የሚመጡት ለዚሁ ሰልፍ ነው። የራሱን ተሳፋሪ የሚገጭ ባለታክሲ የለም።

«ሰዉ ተራዬ ይጠፋብኛል ብሎ አይነቃነቅም» አለ ሙሌ።

«በተራቸው ነው የሚሄዱት። በተራቸው ይመለሳሉ።»

ሙሌ ትንሽ አሰበና ወደ ሰልፉ ዞሮ «ስሙ! እኚህ አባት ማዶ መድረስ አለባቸው! ሰልፉ እስከ ማዶ ደርሶ ይመለሳል! ተራውን የሳተ ከኋላ ይጀምራል!» ብሎ አወጀ።

ማጉረምረም ተነሳ። አንዱ ከኋላ «ሽማግሌ ናቸው ተብሎ ሰልፍ ይጣሳል እንዴ? እኛም ሥራ አለን!» አለ።

«እኔ ታክሲ አልሳፈርም!» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው! በኋላ ጋቢና ቁጭ ብለው ነው የምናያቸው!»

«አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ መቶ ሰው አሳፍሬ የነዳሁ ሰው ነኝ! ባንተ ሚኒባስ ጋቢና ልቀና ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ ነገሩ አለቀ። ባለሰማያዊ ጃኬቱ «በሉ እኔ ከፊታቸው እሆናለሁ፤ ቁጥሬ ግን ሁለት ነው፣ ይያዝልኝ» አለ።

አረንጓዴው በራ። ሠላሳ ሰው በአንድ መስመር አስፋልቱ ላይ ወጣ። ጋሽ ኃይሉ በቀኝ፣ እኔ ከጎናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በዘጠኝ ሰከንድ እንደ ልማዱ አንድ ሚኒባስ ታጥፎ መጣ። ሰልፉን አየ። ቀጥ! ሁለተኛው ከኋላው ቀጥ! ረዳቶቹ በየመስኮቱ «ቤቴል! ቤቴል!» ይላሉ። አንድም ጡሩምባ የለም። ሃያ ሁለት ላይ ቀዩ ሰውዬ በራ፤ እኔ በድንጋጤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰልፉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ተራውን ይዟልና።

ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ፣ መሄዳቸውን ትተው፣ ከዘራቸውን ወደ ሚኒባሱ አንስተው «ፍሬቻህ የት አለ? ሳታሳይ ነው የምትታጠፈው?» ብለው ሾፌሩን ያዙት።

«ጋሼ፣ በኋላ ይቆጡታል!»

«አሁን ካልተቆጣሁት መቼ አገኘዋለሁ?»

ሾፌሩ ፍሬቻውን አበራ። ቆሞ ሳለ አበራው። በአርባ ስምንት ሰከንድ ማዶ ደረስን። ነርሷ ደጃፍ ላይ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች። ሰልፉም ዞሮ፣ በተራው፣ ተመለሰ።

እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት ቀጠልን። ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰዉ ራሱ «ዛሬ የአባባ ቀን ነው» እያለ ይዘጋጃል። ጋሽ ኃይሉ ከክሊኒኩ ሲመለሱ ሰልፉ ስለሚሳሳ ሙሌ በድምፁ መኪና እያስቆመ ያሻግራቸዋል። እትዬ ብርቄ ለሰልፉ በስም ይጸልያሉ፤ ስማቸውን የማያውቁትን «ባለሰማያዊ ጃኬቱን» እያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት የትራፊክ ፖሊስ መጣች። ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ቀልድ አይታይም። ሰልፉ አስፋልት ላይ እንደተዘረጋ ደረሰች።

«ይህን ማን ነው የጀመረው?»

ሠላሳ ጣት ወደ እኔ። ሙሌም ጨምሮ።

በሕይወቴ ፖሊስ አነጋግሮኝ አያውቅም። ሁሉንም ከየካቲት ጀምሬ፣ ቤቴል የሄድኩትን ሳይቀር፣ ሳልተነፍስ ነገርኳት። ስጨርስ «እህቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለሚኒባሱ ተሳፋሪ ስለሚፈልግ ቆመ። ነገ ገልባጭ መኪና ቢታጠፍስ? ገልባጭ ተሳፋሪ ይፈልጋል?»

ይህ አንዴም አልታየኝም ነበር። ሠላሳ ሰው፣ በተራው ተሰልፎ፣ ገልባጭ መኪና ፊት። ያን ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ሰጠኋት። አገላበጠችው። የአረንጓዴው ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት። ጋሽ ኃይሉ በገመዱ ላይ፣ አርባ አንድ። ጋሽ ኃይሉ ሾፌር ሲቆጡ፣ አርባ ስምንት። በአሥር ዙር ወደ ቀኝ የታጠፉ መኪኖች፣ ቅድሚያ የሰጡ፣ ያልሰጡ።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የቆጠርሽው?»

«አዎ። ካልተፈቀደ እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዢ! ማመልከቻ ጻፊ፤ ይሄን አያይዢበት። መልስ እስኪመጣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ እዚህ እቆማለሁ። ሰልፉ ግን አስፋልት ላይ እንዳይወጣ።»

ማመልከቻ ጻፊ የተባልኩበት ቀን ከልደቴ ቀጥሎ ደስ ያለኝ ቀን ነው። «ጉዳዩ፦ የአረንጓዴው ሰውዬ ዕድሜ እንዲራዘም ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። ሰሎሜ አንብባ «ሆስፒታል የሚጻፍ ይመስላል» ብትለኝም አልቀየርኩትም። ሰልፉ ፈረመ፤ ሲፈርምም በተራው ነው። ባለሰማያዊ ጃኬቱ አንደኛ ልሁን ብሎ አያውቅም፤ ሁለተኛ ላይ ፈረመ። ሙሌ «ግልባጭ ለእኔም ይድረሰኝ፤ የሚመለከተኝ አካል ነኝ» አለ። ሰጠሁት። አጥፎ ደረት ኪሱ አስገባውና ከዚያ ወዲህ ከታክሲ ሾፌር ጋር ሲጨቃጨቅ እያወጣ ያሳያል።

መጋቢት አለፈ። ሚያዝያ አለፈ። ትራፊኳ ቃሏን ጠበቀች፤ ጋሽ ኃይሉም ቀጠሮ አልቀሩም። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በልብስ ገመዱ ሥር ሰዓት እይዝላቸዋለሁ። አርባ አንድ የነበረው ሠላሳ ስምንት ሆነ። ከዚያ ሠላሳ አምስት። ግቢው ሁሉ ውጤቱን ይጠብቃል።

በግንቦት አንድ ቀን መሰላል የጫነ መኪና መጥቶ መስቀለኛው ላይ ቆመ። ባለሙያዎቹ የመብራቱን መቆጣጠሪያ ሳጥን ከፍተው ሲነካኩ አረፈዱ። ሲሄዱ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍ የራሱ ቀይ ቀስት ተተክሎለት ነበር፤ እግረኛ ሲሻገር እሱ ይቆማል። ከመሀሉ ደሴት ላይ አበባው ተነሥቶ ሰው የሚቆምበት ሆነ። አረንጓዴውን ሰውዬ ቆጠርኩት። አንዴ ቆጠርኩ፣ አላመንኩም። አሥር ዙር ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት።

በቀጣዩ ሐሙስ ጋሽ ኃይሉ ኮታቸውን ራሳቸው ለብሰው ወጡ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል እጄን ቀስ አድርገው መለሱልኝ።

«ዛሬ ማንም አይከተለኝ።»

«ጋሼ፣ ቢያንስ እስከ መሀል…»

«አንቺ ቁጠሪ። ያንቺ ሥራ እሱ ነው።»

ጠርዙ ላይ ቆሙ። ቀይ ነበር፤ መኪና ግን አልነበረም። አንድ ሰው አለፋቸው፣ ሌላም አለፋቸው። እሳቸው ቆሙ። ቀይ ነው ብሎ የሚቆም ሁለተኛ ሰው ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሙሌ እንኳ ሰልፍ ማስተካከሉን ተወ።

አረንጓዴው በራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ቀስቱን አይቶ ቆመ። ፍሬቻው እየበራ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ሲያልፉ በከዘራቸው ሰላምታ ሰጡት። አሥራ ስምንት፣ መሀል ደረሱ፤ ማረፊያው ላይ አልቆሙም። ሃያ ስምንት። ሠላሳ። ሠላሳ ሦስት ላይ ከዘራቸው የማዶውን ጠርዝ መታ።

ሰልፉ አጨበጨበ። ባለሚኒባሱም ጡሩምባ ነፋ፤ ይሄኛው ጡሩምባ ግን ሌላ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ዞር ብለው ቀሪውን አምስት ሰከንድ አረንጓዴው ሰውዬ ሲራመድ ቆመው አዩት። እትዬ ብርቄ ከግቢው በር ሆነው «ደረሰ? ደረሰ ወይ?» እያሉ ይጮኻሉ። «ደርሰዋል!» አልን ሁላችንም።

ደብተሬ ላይ «ሠላሳ ሦስት» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት። ክፍል ነበረኝ። ቦርሳዬን አስተካክዬ ከጠርዙ ልነሣ ስል ባለሰማያዊ ጃኬቱ ከኋላዬ ጠጋ አለ።

«ቦታሽን ልጠብቅልሽ?»

አፌ «እ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። መለስኩት።

«አይ» አልኩ። «አመሰግናለሁ፤ አንደኛ አንተ ሁን።»

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ። እኔም አረንጓዴው ተመልሶ እስኪበራ ጠብቄ ተሻገርኩ።

ግንቦት 27 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት።